ሰይጣን ምን መስሎ ይመጣል?

በጃናሞራና በአካባቢው ያደግን ልጆች ሁለት ትምህርት በአንድ ቀን እንማር ነበር። ጧት ከእናታችን ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሰይፋቸውን መዝዘው የቆሙትን ሚካኤልንና ገብርኤልን እናያለን፤ «እነሱ እያሉ ምንም አይነካህም» እንባላለን። ከቀትር በኋላ ደግሞ ማረሻ ለማስቀጥቀጥ ወደ ወንዝ ማዶ ስንላክ፥ «የጠይቡን ዓይን እንዳታይ፤ እሱ ፊት ምንም እንዳትቀምስ፤ ማተብህን ያዝ» ተብለን እንሸኛለን። ማረሻው ተቀጥቅጦ ይመጣል፤ መሬቱ ይታረሳል፤ እንጀራው ይበላል፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ጧት የጠበቁን መላእክት ከሰዓት በኋላ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

አሁን እንጠይቅ። ለመሆኑ መጽሐፍ የሚያውቀው ሰይጣንና ወንዝ ማዶ ያለው ጠይብ መቼ ተገናኙ? ማንስ አገናኛቸው? ይህን የምናነሣው የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም። የምናነሣው በዚሁ ግቢ፥ ፊዚክስና ሕግ ተማርን በምንልበት ቦታ፥ አንዱ ጓደኛችን ሊያጭ ሲነሣ «አጥንቷ ተጣርቷል ወይ?» የሚል መልእክት ከቤት ስለሚመጣና እኛም ስቀን ስለምናልፈው ነው። የሚያስቅ ነገር የለውም። ከዚህ ጥያቄ የተነሣ የቀረ ትዳር ሁላችንም እናውቃለን።

የሰሜን ተራራ ከመላእክት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከሦስት ወፎች ዜማ ተማረ፥ የሰማይ ካህናትንም ማሕሌት ሰማ የሚባለው ቅዱስ ያሬድ፥ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ ሳያውቀው በጦሩ እግሩን ወጋው፤ ያሬድም ሳያውቀው ደሙ ፈሰሰ፤ ኋላም አሰናብተኝ ብሎ ወደ ሰሜን ሄደና በዚያው ዐረፈ ይላል ትውፊቱ። ዛሬም ከሰሜን ከፍተኛ ጫፎች አንዱ አባ ያሬድ ይባላል። የደጋ ገበሬ እንግዲህ የመላእክትን ዜማ ያመጣው ሰው በደጁ እንዳረፈ ያምናል። ወሩንም የሚቆጥረው በእነሱ ነው፦ በ12 ሚካኤል፥ በ19 ገብርኤል፥ በ22 ዑራኤል። በዚያን ዕለት ሞፈር አይነሣም፤ ጽዋው ይጠጣል፤ ድርሳኑ ይነበባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

የክፉው ወገን ታሪክም በሊቃውንቱ ዘንድ የተስተካከለ ነው። አክሲማሮስን የተማረ ሰው እንደሚነግረን፥ መላእክት ሲፈጠሩ መቶ ነገድ ነበሩ፤ ኢዮር፥ ራማና ኤረር በሚባሉ ከተሞችም ሰፈሩ። ከሁሉ በላይ የተሾመው ሳጥናኤል ሽቅብ ቢያይ ማንንም ስላላየ ፈጣሪ እኔ ነኝ አለ። ሌሎቹ ሲታወኩ ገብርኤል ፈጣሪያችንን እስክናገኝ በያለንበት እንጽና ብሎ አረጋጋቸው። ሳጥናኤል ከነነገዱ ወደቀ። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። በዚህ ትምህርት ሰይጣን የወደቀው ከላይ ነው። አለቃ ነበረ እንጂ ጭሰኛ አልነበረም፤ ያጠፋውም ሹመቱ ያመጣበት ትዕቢት ነው። ድኅነት የሰይጣን ምልክት ነው የሚል ቃል ከዚህ ውስጥ ማንም ሊያወጣ አይችልም።

ታዲያ ብረት ቀጥቃጩ ከየት ገባ? አንዳንድ ሰው መጽሐፈ ሄኖክን ይጠቅሳል። ስለዚህ መጽሐፍ ጥቂት እንበል፤ የአገራችን ኩራት ነውና። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ በደባርቅ ደጋ በኩል ጎንደር ገባ፤ ሲመለስ ግን በስናር በኩል ነው የሄደው። ከጓዙ ውስጥ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው ሊቅ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። ኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የመጽሐፉ ቁርጥራጭ በአራማይክ ሲገኝ፥ የኛ ደብተሮች የጠበቁት ነገር ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ዓለም አየ።

በዚህ መጽሐፍ ሁለት መቶ ትጉሃን መላእክት በአርሞን ተራራ ይወርዳሉ፤ ከሰው ሴቶች ልጆችም ረዓይትን ይወልዳሉ፤ ከረዓይቱ ሥጋ የወጡት ነፍሳት ክፉ መናፍስት ይሆናሉ። ከወረዱትም አዛዝኤል የተባለው ለሰው ሰይፍና ቢላዋ፥ ጋሻና ጥሩር መሥራትን ያስተምራል። ሊቃውንቶቻችን በአንድምታው እነዚህ የወረዱት መላእክት ሳይሆኑ ከደብር ቅዱስ የወረዱ የሴት ልጆች ናቸው ብለው ያቃናሉ፤ መልአክ ሥጋ የለውምና። ይሁንና «የብረት ሥራ ከሰይጣን የተማሩት ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው የሚል ክርክር ሰምተናል።

እኛ ይህን ክርክር አንቀበለውም። ያው መጽሐፍ በዚያው ቦታ አምባርንና ዓይን መኳልንም ከአዛዝኤል ትምህርት ጋር ይቆጥራል። ኩል የተኳለችን ወይዘሮ ቡዳ ያላት ማን ነው? አምባር ያጠለቀችውንስ? እንዲያውም ሰይፉን የታጠቀው ደጃዝማች ተባለ፤ ሰይፉን የሠራው ደግሞ ጅብ ሆኖ ያድራል ተባለ። መጽሐፉ እንዲህ ዓይነት ልዩነት አላደረገም። ልዩነቱን ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም መሬት ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። በዓፄ ይስሐቅ ዘመን (1406–1422 ዓ.ም.) ንጉሡ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፥ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብሎ እንደፈረደ ይነገራል። ከእሱ በኋላ የነገሠው ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በመናፍስት ነገር ከነገሥታቱ ሁሉ የበረታ ነበር። ሰው ሁሉ ሰይጣንን መካዱን በአካሉ ላይ ጽፎ እንዲታይ አዘዘ፤ ደስክና ዲኖ የተባሉትን ያመልካሉ የተባሉትን አሳደደ። ክሱ ቤተ መንግሥት ገብቶ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር በላ፤ በግርፋት የሞቱም አሉ። የሰይጣን ነገር አንድ ጊዜ የክስ ቃል ከሆነ በኋላ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። መልሶም ከሳሹን ቤት ሊመታ ይችላል። በዚሁ ዘመን የሰሜን ገዥ ክርስትናውን ትቶ አይሁድ ሆነ ተብሎ በዜና መዋዕሉ ተጽፏል።

ሰሜን የቤተ እስራኤል ምሽግ ነበር። ዓፄ ሠርፀ ድንግል (1555–1589 ዓ.ም.) ረዳኢ የተባለውን መሪያቸውን በነዚሁ አምባዎች ላይ ወጋው። ዓፄ ሱስንዮስ (1599–1624 ዓ.ም.) ደግሞ ጌዴዎንን ተዋግቶ በ1610ዎቹ የሰሜኑን መንግሥት ፍጻሜ አደረሰ። ጌዴዎን ተገደለ፤ ብዙው ሕዝብ ተጠመቀ ወይም ተሸጠ፤ መሬቱ ለባለ ድሉ ጭፍራ ተከፈለ። (ጃን አሞራ ራሱ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጭፍራ ስም እንደነበር እናስታውስ። ወረዳችን የወታደር ስም ተሸክማለች ማለት ነው።)

እንግዲህ ርስት የሌለው ሰው በዚህ አገር ምን ይሆናል? ወይ በሰው መሬት ጭሰኛ ይሆናል፥ ወይ ባለርስቱ የሚንቀውን ሥራ ይይዛል። ወንዱ ወናፍ ያዘ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ጎንደር ከተማ ሆና ግንቡ ሲነሣ ከቤተ እስራኤል ግንበኛውም፥ አናጢውም፥ ብረት ሠሪውም ተጠራ፤ ካይላ ሜዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ከእነሱ ነው ያገኘው። በሙያቸው ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። በገጠሩ ግን ነገሩ ከፋ። በሕጋቸው ከሌላው ጋር መነካካትን ይጠነቀቃሉ፤ የነካቸው ቢኖር ይታጠባሉ፤ ለዚሁም በወንዝ ዳር ይሰፍራሉ። ክርስቲያኑም በበኩሉ ከእነሱ አይበላም። ሳይተዋወቁ፥ ሳይጋቡ፥ አብረው ሳይበሉ፥ ግን ያለ እነሱ ማረሻና ማጭድ ሳያገኙ ሦስት መቶ ዓመት ኖሩ ማለት ነው። የማታውቀውን ጎረቤትህን በየዓመቱ እጁን ትፈልገዋለህ፤ በዚያ ላይ የተቀመጥክበት መሬት የአያቱ እንደነበር በጆሮህ ሰምተሃል። ፍርሃቱ ከዚህ ቢወለድ ምን ይገርማል? የተነጠቀ ሰው ይመኛል፤ የነጠቀም ምኞቱን ይፈራል። ቡዳ በዓይኑ ይበላል የሚባለውም ምኞቱ ነው።

አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕፃን ወይም ሙሽራ በድንገት ትታመማለች። «በልቷታል» ይባላል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ባፍንጫዋ ይደረጋል፤ ጢስ ይጨሳል፤ መድኃኒት አዋቂው ይጠራል። «ማነህ? የት አገኘሃት? ምን ስትበላ አየሃት?» ይላታል። ትጮኻለች፤ ትለፈልፋለች፤ በመጨረሻ በገዛ አንደበቷ በሌላ ሰው ስም «እገሌ ነኝ» ትላለች። በቃ። ምስክር አልተጠራም፤ ይግባኝም የለም። ስሙ የተጠራው ሰው እቤቱ ተኝቶ ነው የተፈረደበት፤ ልጆቹም በሱ ስም ይጠራሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ሸክላ ሠሪውና ብረት ሠሪው ሁሉ ቡዳ እንደሚባሉ፥ ጆሮ ጉትቻ ያደረገ ጅብ ተገኘ እየተባለም እንደሚወራ ጽፏል። ጉትቻ ያደረገ ጅብ! ያው ወሬ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ እኛም በምድጃ ዳር ሰምተነዋል፤ እንቅልፍም ነሥቶናል።

የክታቡ ነገር ሌላ ነው፤ ትንሽ ቆም ብለን እንየው። ደብተራው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ብራና ይዳምጥና በባለቤቱ ቁመት ልክ ቆርጦ ይጽፋል። ከላይ ሰይፍ የያዘ መልአክ ይሥላል፤ ከመካከል ዓይን ብቻ የሆነ ቅርጽ፤ ከዚያ መርበብተ ሰሎሞንን፥ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የሚይዘውን ጸሎት ይጽፋል። የቅዱስ ሱስንዮስና የወርዜልያ ታሪክም አለበት፦ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዜልያን ቅዱሱ በፈረስ ተከትሎ ይደርስባታል፤ እሷም ስሙ ካለበት ቤት ላትደርስ ትምላለች። ልጆቿ በተከታታይ የሞቱባት እናት ይህን በአንገቷ ብታስር ማን ይፈርድባታል? ሐኪም በሌለበት አገር ይህ ብራና መጽናኛ ነበረ።

ነገር ግን የአጋንንቱን ስም ዝርዝር እናንብብ። ሌጌዎን አለ፤ እሱ ከወንጌል ነው። ዓይነ ጥላ አለ፤ ዛር አለ። ቀጥሎ «ቡዳ» ይላል፤ «ነሀቢ» ይላል፤ ይኸውም ብረት ቀጥቃጭ ነው። «ጠቢብ» ይላል፤ ያው ነው። «ባርያ» ይላል። የሚጥለውን በሽታ የሚያመጣ ጋኔን ስሙ ባርያ ነው! ደብተራው ቀለሙን ሲበጠብጥ ከሲኦል የሚያውቀው ሲያልቅበት ከሰፈር ጨመረበት እንበል? ባለርስት የሚባል ጋኔን፥ ምስለኔ የሚባል ጋኔን ግን ባየነው ክታብ ሁሉ አላገኘንም። ብራናውን ገዝቶ የሚያስጽፈው ማን እንደነበረ ካሰብን ምክንያቱ አይሰወርም። የባሪያ ንግድና ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከክታቡ ላይ ግን በአዋጅ አልተፋቀም።

በመናፍስት መካከል እንኳ መደብ አለ ብንል ማጋነን አይሆንም። ዛርን ተመልከቱ። በጎንደር እንደሚተረከው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ፈጣሪ ሊያያቸው ቢመጣ ያማሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ ተባለና ዛሮች ሆኑ። ስለዚህ ዛር የሔዋን ልጅ፥ መልከ መልካም፥ ባለማዕረግ ነው፤ የያዘችውን ሴት ፈረሴ ይላታል፤ ቡና ይፈላለታል፤ ሽቶ ይረጭለታል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1924 ዓ.ም. ጎንደር ተቀምጦ የባለዛሮቹን ቤት በሰፊው አጥንቷል፤ ያየውም ይህንኑ የጌታ ወግ ነው። ጌታ መሳዩን መንፈስ እንለማመጠዋለን። በድኃ ስም የመጣውን ግን በሽንኩርት እናባርረዋለን።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። ያ ወንዝ ማዶ ያለው ቤተ እስራኤል የሚፈራውና የሚማፀነው እነዚያኑ ነበር። መጽሐፈ መላእክት የሚባል የግዕዝ መጽሐፍ አላቸው፤ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የብርሃንና የጨለማ መላእክት እንዴት እንደሚከራከሩባት የሚያወሳ ነው። ሄኖክንም ያውቁታል። ሚካኤል በሁለቱም ወንዝ ዳር ይጠራ ነበር። በአንዱ ዳር ያለው ሰው ግን ማዶ ያለው የሚጠራው ማንን እንደሆነ አልጠየቀም።

አሁን ወደ ርእሳችን እንምጣ። ሰይጣን ምን መስሎ ይመጣል? ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በሰኔ ሚካኤል የሚነበበው የአፎምያ ታሪክ አለ። ባሏ ሲሞት የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ታቅፋ በጸሎትና በምጽዋት የኖረች ሴት ናት። ሰይጣን ሊያስታት ፈለገ። ምን መስሎ መጣ? መነኩሲት መስሎ መጣ። አልሆነለትም። በበዓሉ ቀን ደግሞ ራሱን ሚካኤልን መስሎ፥ ክንፍ አውጥቶ፥ በብርሃን ተከቦ፥ በትር ይዞ መጣ። አፎምያ ግን በበትርህ ላይ ያለው መስቀል የት አለ ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ተገለጠ።

ይህን ታሪክ ካህኑ ሲያነብ ስንት ጊዜ ሰምተናል! በድርሳኑ ሰይጣን የሚመጣው የተከበረ መስሎ ነው። ጥላሸት የለበሰ፥ ወናፍ የሚነፋ፥ እጁ የተሰነጠቀ ሰው መስሎ ሲመጣ አላነበብንም። አፎምያ የጠየቀችው የተከበረውን ነው፤ እኛ ደግሞ የተናቀውን እንጠይቃለን፤ እሱንም በጢስ።

ይህን ነገር የታዘቡ ገዥዎች አልጠፉም። በደረስጌ ማርያም፥ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርጎ ዘውድ የጫነው ዓፄ ቴዎድሮስ፥ ለጠመንጃና ለመድፍ የነበረውን ጉጉት ሁሉም ያውቃል፤ በጋፋት ብረት እንዲቀልጥለት ያደረገውም ይታወቃል። ሥራውን ለፈረንጅ ሰጠ እንጂ የአገሩን ጠይብ ከስድብ ነፃ አላወጣም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያላችሁ ስለምትሰድቡ ጥበብ ከአገራችን ጠፋ የሚል ነው መንፈሱ። አዋጁ ቆንጆ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ሰሜን ደጋ ያለውን መንገድ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከጌዴዎን ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንዝ ማዶው ሰው መሬት ሊደርሰው ቻለ። ብዙ አልቆየበትም። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ረኃብ መጣ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ፥ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጭኖ እስራኤል ገባ። ከሰሜን አምባዎች ሥር የነበሩት ቤቶች ባዶ ሆኑ።

ቡዳውስ አብሮ ተሳፈረ? አልተሳፈረም። የቀረውን ሸክላ ሠሪ፥ የተጠመቀውንና ከክርስቲያኑ ጋር አብሮ የሚያስቀድሰውን ብረት ቀጥቃጭ፥ ቆዳ ፋቂውን ፈልጎ ተጠጋ። ከተሜ ሆኖ ኮሌጅ የገባውንም የአያቱን ስም ተከትሎ ይደርስበታል። ዛሬም ሙሽራ በድንገት ስትታመም ጢሱ ይጨሳል፤ «ማነህ?» ይባላል፤ ስምም ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሰውዬ በዚያች ሰዓት ምናልባት ከወናፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ የእነዚያኑ ሰዎች ማረሻ እየቀጠቀጠ ይሆናል።